አንዲት የአዲስ አበባ እንግዳ

ሰብለወንጌል ፖስታውን ገልብጣ ሦስት ጊዜ አራገፈችው። የወጣው ያው ነው፤ በእጅ የተጻፉ፣ ጥግ ላይ በስቴፕለር የተያያዙ አሥራ ስምንት ገጾች። ደብዳቤ የለም። ደብዳቤው ይቅር፣ «እንደምን ሰነበትሽ» የምትል ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለችም። ከሮቤ ተነሥቶ አንድ ሙሉ ቀን ተጉዞ ልደታ የደረሰ ፖስታ እንዲህ ባዶውን ይመጣል? አንዳንድ ወንድ እንዲህ ነው፤ ናፍቆቱን ቤቱ አስቀምጦ ሥራውን ይልካል።

ታሪካቸውን ከመነሻው ላልተከታተላችሁ ይቺን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል። ሰብለወንጌል ተወልዳ ያደገችው ልደታ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወደ ፍርድ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የጽሕፈት ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ክስ፣ የሰው መልስ፣ የሰው ይግባኝ ትተይባለች። ባለፈው ጥር ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄዳ ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አደረች። እዚያ እንግዳ የሚቀበለው፣ ድንኳን የሚተከልበትን የሚያሳየው፣ ተራራ የሚያወጣው ኢዶሳ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞር ሰው ነበር። ጓደኞቿ ፎቶ ይዘው ተመለሱ፤ እሷ ልቧን እዚያው ጥላ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆነ። ስልክ ሲገናኙ መስመሩ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ኢዶሳ ደብዳቤ ይጽፍና ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሾፌር ይሰጣል። ደብዳቤው ሲደርስ ሁለት ገጽ ስለ አየሩ ያወራና መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጥግ ላይ በተጨናነቀች ፊደል «ናፍቀሽኛል» ይላል። ሰብለወንጌል ያቺን ቃል ለማግኘት ስንት ጊዜ ስለ ጉም፣ ስለ ውርጭና ስለ ነፋስ አንብባለች! ሬዲዮ የምትከፍት ነው የሚመስላት።

እናቷ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ነገሩን የሰሙ ዕለት ቤቱን አናውጠውት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ድምፃቸው አሁንም ክፍል ውስጥ እንዳሉ ነው። «ድንኳን? እኛ ሰፈር ድንኳን የሚጣለው ለሠርግ ነው፣ አለዚያም ለለቅሶ። አንቺን ለየትኛው ነው የምድረው?» ብለው ነበር። አምስት ወር ተከራከሩ። አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ የሁለቱንም ወገን ቃል ዝም ብለው ይሰማሉ እንጂ አይፈርዱም። በመጨረሻ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ «እሺ፣ ሽማግሌ ይላክና እንየው» አሉ። ቀኑ ተቆረጠ፤ የፊታችን እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አራት ሰዓት ላይ። ዛሬ ዓርብ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ቀን የቀረው ሰው የላከው ይህን ነው። «ለድንኳን እንግዶች ጠቃሚ ምክሮች» ይላል ርእሱ። የአካባቢው አስጎብኚዎች ማኅበር ትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትም ፈልጎ ጽሑፉን ለኢዶሳ ሰጠው፤ «እኔ እተይብላችኋለሁ» ብላ በገዛ አፏ የጠየቀችው ደግሞ ራሷ ሰብለወንጌል ናት። ባፏ ጠርታ ነው ያመጣችው።

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ መተየብ ጀመረች።

«ምክር አንድ። ከመምሸቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ድንኳን በቀን ብርሃን ይተከላል። በስልክ መብራት የተተከለ ድንኳን ሌሊቱን መውደቁ አይቀርም።»

ደህና ነው።

«ምክር ሁለት። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትምጡ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ አለማምዱት። አንዲት የአዲስ አበባ እንግዳ ከሱቅ በወጣ በማግስቱ ባጠለቀችው ጫማ ተራራ ልትወጣ ተነሥታ ከግማሽ መንገድ በካልሲ ተመልሳለች።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። ያ ጫማ የተገዛው ሜክሲኮ ነው፤ አሁንም አልጋዋ ሥር አለ።

«ምክር ሦስት። ሣሩ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ውሃ የሚወርድበትን አይታችሁ ከፍ ያለውን ምረጡ። አንዲት የአዲስ አበባ እንግዳ ‹ይሄ እኮ ፍራሽ ነው› ብላ ዝቅ ካለው ቦታ አልነሣም አለች። ጠዋት የራሷ ፍራሽ ውሃ ውስጥ ተገኘ።»

«ምክር አራት። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ከርከሮና ዝንጀሮ ሽታውን ከሩቅ ያውቁታል። አንዲት የአዲስ አበባ እንግዳ እናቷ የጋገሩላትን ድፎ ዳቦ ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች። ከርከሮው የድንኳኑን ጥግ ቀድዶ ዳቦውን በላ። እንግዳዋ ዛፍ ላይ ለመውጣት ሞክራለች፤ ዛፉ ግን ቁጥቋጦ ነበር።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ኑኃሚን። ኑኃሚን የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ አጠገቧ ተቀምጣ ትተይባለች፤ ዓይኗ ግን ሁልጊዜ የሰው ስክሪን ላይ ነው። «ቁጥቋጦ ላይ! ሰብሊ፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ? የሜክሲኮው ጫማ! የእትዬ ወርቅአፈራሁ ድፎ!»

«ዝም በይ።»

ኑኃሚን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ገጾቹን አንሥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ጸጉሯን ታጥባ እስኪነጋ የተንቀጠቀጠችው እንግዳ። ከፍታው እንደሚያደክም ተነግሯት «እኔ ስፖርተኛ ነኝ» ብላ ሮጣ መቶ እርምጃ ሳትሄድ የተቀመጠችው እንግዳ። ቀይ ቀበሮ ስታይ «ውሻ መጣ!» ብላ የጮኸችው እንግዳ። የመሬት ክርክር አቤቱታ ሊያስጽፉ ወረፋ ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «ወይ የከተማ ልጅ! ይቺን ያሳደጋት ማን ይሆን?» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሰብለወንጌል ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ገጾቹን ከኑኃሚን እጅ ነጥቃ ወደ ታች ወረደች፤ ይህ ሰው የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ፈለገች። ምክር አሥራ አንድ ላይ ደረሰች።

«የሌሊቱን ብርድ አትናቁ። ስትተኙ እርጥብ ካልሲ አውልቃችሁ ደረቅ አድርጉ። አንዲት የአዲስ አበባ እንግዳ በእርጥብ ካልሲ ተኝታ ሌሊት እያለቀሰች ወጣች። አስተናጋጁ ጋቢውን ሰጥቷት እስኪነጋ እሳት ዳር ተቀምጣለች። ስለዚህ ሁለት ጋቢ ይዛችሁ ኑ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያ ሌሊት የእሷ ነበር። ለኑኃሚን አልነገረችም፤ ለእናቷም አልነገረችም። አንድ ሰው የራሱን ጋቢ አውልቆ አልብሷት፣ ምን ሆንሽ ብሎ ሳይጨቀጭቃት፣ እንጨት እየጨመረ አብሯት ያነጋበት ሌሊት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ አውቶቡስ ውስጥም፣ ወረፋ ላይም፣ ሲከፋትም ስታስታውሰው የኖረችው እሱን ነው። ለኢዶሳ ግን ምክር አሥራ አንድ ሆኖለታል። ስለዚህ! የፍቅሯ መደምደሚያ «ስለዚህ ሁለት ጋቢ ይዛችሁ ኑ» ሆነ።

ደወለችለት። ጥሪ አይቀበልም። ደግማ ደወለች። እንደገና ደወለች። ያቺ ስልክ ውስጥ ያለች ሴትዮ ረጋ ባለ ድምፅ አሁን ሊያገኙት እንደማይችሉ ስትነግራት ሴትዮዋንም ጠላቻት።

ቤት እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሳሎኑ መሐል ቆመች።

«እማዬ፣ እሑድ ማንም እንዳይመጣ። ይቅር።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ምን አደረገሽ?»

«ምንም። መሳቂያ አደረገኝ።»

አቶ ሀብተሥላሴ «አትቸኩሉ፣ ነገ ረጋ ብለን...» ማለት ሲጀምሩ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ስልካቸውን አንሥተው ነበር። ቀጨኔ ላለችው እህታቸው ደወሉ። ቄራ ላለችው ደወሉ። ለእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር ደወሉ። «ልጅቷ ራሷ ትታዋለች» ይላሉ በየስልኩ፣ እየደጋገሙ። ሰብለወንጌል ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እናቷ ምነው ትንሽ እንኳ ቢከራከሯት! ሰው ሲናደድ አስታጋሽ ይፈልጋል፤ እሷ ያገኘችው ተባባሪ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ በዝቷል። ሰኞ ችሎት ያለው ሁሉ ቅዳሜ ነው የሚያስታውሰው። ሰብለወንጌል የአንዱን ይግባኝ ጨርሳ ቀና ስትል፣ ከወረፋው መጨረሻ፣ በሩ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው አየች።

ኢዶሳ ነው። የተራራ ጃኬቱን አንገቱ ድረስ ቆልፏል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጫማው ላይ ገና ያልረገፈ የባሌ ጭቃ አለ። ገብቶ ወደ እሷ ከመምጣት ይልቅ ወረፋ የያዘውን ሰው አንድ በአንድ ይጨብጥ ጀመር። «ደህና አደራችሁ? ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ደህና?» የማያውቁት ሰዎች ግራ ተጋብተው እጃቸውን ሰጡት። አንዱማ ጠበቃ መስሎት ፋይሉን ዘረጋለት። ከዚያ ኢዶሳ በሩ ላይ ከተሰቀለው የተራ ቁጥር ካርቶን አንዱን ወሰደና መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

ተራ ያዘ! አራት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ መጥቶ፣ ልታገባው ነበር ከተባለችው ሴት አሥር እርምጃ ላይ፣ ተራ ያዘ። ሰብለወንጌል «ና እዚህ» ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ግን አልጠራውም ብላ ጥርሷን ነከሰች። ዓይናቸው ሁለት ጊዜ ተገናኘ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ፈገግ አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሷ ወደ ስክሪኗ ዞረች። ተራው ሊደርስ ሲል አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ተነሥቶ አስቀደማቸው። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች፤ እሷንም አስቀደመ። ሰብለወንጌል የአሮጊቷን የስም ስህተት ማረሚያ ማመልከቻ ስትጽፍ የአያታቸውን ስም ሦስት ጊዜ ተሳሳተች።

በመጨረሻ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አቤት፣ ምን ልጻፍልዎ?» አለችው።

ፈገግታው ጠፋ። «እርስዎ ሆንኩ?»

«ክስ ነው፣ መልስ ነው፣ ወይስ ይግባኝ?»

«ሰብሊ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ክስዎ አሥራ ስምንት ገጽ ነው። በራስዎ እጅ ጽፈው ልከውታል።»

ኑኃሚን ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «ውጡልኝ ከዚህ! ሁለታችሁም! ሰው ይጠብቃል» አለችና የሰብለወንጌልን ቦታ ያዘች።

ወጡ። መንገዱ ፋይል በታቀፈ ሰውና «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» በሚሉ የታክሲ ረዳቶች ተሞልቷል። ሰብለወንጌል ቀድማ ቀድማ ሄደች፤ ሰው ቀለል ያለበት አጥር ጥግ ስትደርስ ዞረችና ይዛው የወጣችውን የምክር ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«ከአሥራ አንዱ ምክር ዘጠኙ እኔ ነኝ! ያልተሳቀብኝ በየትኛው ነው?»

«ስምሽን አልጻፍኩም እኮ።»

እንግዲህ ይህን ነው ያላት። አንባቢዎቼ፣ ሴት ስትናደድ ከሚባሉት ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው መጥፎ ይህ ነው።

«ስሜን ባትጽፍ! ኑኃሚን በሁለተኛው ገጽ አወቀችኝ። አንድ የማላውቃቸው ሰውዬ ‹ይቺን ያሳደጋት ማን ነው› አሉኝ። በዓመት ስንት ሰው ነው እናንተ ዘንድ የሚያድረው? ሌላ የሚሳሳት እንግዳ የለህም? ጀርመኖቹስ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹስ? ድንኳን ውስጥ ከሰል ያነደደውስ? ራስህ አይደለህም እንዴ የነገርከኝ!»

«አሉ» አለ ኢዶሳ። እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣ። «ልጽፋቸው ተቀምጬ ነበር። የከሰሉን እንኳ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሰው ይሞትበታል። ብዕሩን ሳነሣ ግን ሌላው እንግዳ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ስለ ጫማ ልጻፍ ስል የሚታየኝ ያንቺ እግር ነው። ስለ ምግብ ልጻፍ ስል ቁጥቋጦው ላይ ሆነሽ ከርከሮውን ስትለምኚው ነው የሚሰማኝ። አሥራ አንድ ዓመት ነው እዚያ የሠራሁት፣ ሰብሊ። የማስታውሰው ሦስት ቀን ብቻ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

ይህን መስማቷ ይበልጥ አናደዳት። ልቧ ለስለስ ማለት ሲጀምር ያወቀባት መሰለና አንድ እርምጃ ቀረብ አለ። እጇን ዘርግታ አገደችው።

«ጋቢውስ?»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ጋቢውን ለምን ጻፍከው? ጫማውስ ይሁን፤ ዳቦውም ይሁን፤ ይሳቁብኝ። ያን ሌሊት ግን ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። አንተ ለማንም አላፊ አግዳሚ ሰጠኸው።»

«ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው» አለ በቀስታ። «ትንንሹን ሁሉ ጽፌ ትልቁን ልተወው?»

«ትልቅ ከሆነማ ለራሳችን አይቀመጥም?»

ኢዶሳ ወረቀቱን አየ። እሱ ዘንድ፣ ተራራው ላይ፣ አስጎብኚዎች ማታ ሲሰበሰቡ የሚወዱትን እንግዳ ስህተት ነው የሚያወሩት፤ የማይወዱትንማ ማን ያነሣዋል! ይህ ልደታ ሲደርስ ውርደት እንደሚሆን ጨርሶ አላሰበም ነበር። ብዕር አወጣና አጥሩ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ምክር አሥራ አንድን ሰረዘው፤ የእርጥብ ካልሲውን ብቻ አስቀረ።

«እሱ ላይ አጥፍቻለሁ» አለ። «ይቅርታ።»

ሰብለወንጌል ከዓርብ ጀምራ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አላስደሰታትም። «ቢያንስ አንድ ደብዳቤ አብረህ ብትልክ ምን ነበረበት?»

«ራሴ እየመጣሁ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?»

«ወይ አምላኬ!» አለች፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና። «ኢዶሳ፣ ሽማግሌዎቹን አስቀርቻቸዋለሁ። ትናንት። እማዬ ለዘመድ ሁሉ ደውላለች።»

ጮኾ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰላትና ወደ ታክሲዎቹ ተመለከተ።

«አጎቴ ፉፋ ትናንት ገብቷል» አለ። «ጉልበቱን እያመመው ነው የመጣው። መሪጌታ ወልደ ሚካኤልም አብረውት አሉ። ነገ ይመጣሉ፣ ሰብሊ። ቢመለሱ እንኳ ከበራችሁ ይመለሱ። ካልመጡ እኔ አንቺን ያልፈለግሁ ነው የሚመስለው።»

ሄደ። እንደ ልማዱ ተሳስቶ ሜክሲኮ የሚለውን ታክሲ ትቶ ወደ ተቃራኒው በሚሄደው ገባ። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ታክሲው ግን ተነሣ። እዚያው አጥሩ ጥግ ቆማ በገዛ እጇ ያበላሸችውን ነገር አሰበችና ራሷን እስክትጠላ ድረስ ከፋት።

*

«ትናንት ይቅር፣ ዛሬ ይምጡ!» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ። «እኔ የማን መጫወቻ ነኝ? በሬ ክፍት ነው፤ እንግዳ አልመልስም። መልሱ ግን ካንቺ አፍ የወጣው ነው።»

ለመነች፤ አለቀሰች፤ አባቷን አስማለደች። አልሆነም። እናቷ ተሳስቷል ያሉትን ተማሪ ዓመት ያስደገሙ ሴት ናቸው፤ አንዴ በቀይ ያሰመሩበትን መልሰው አይፍቁም።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አቶ ፉፋ፣ መሪጌታ ወልደ ሚካኤልና አንድ የሮቤ ሰው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። ሰብለወንጌል እንደ ወጉ ጓዳ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሦስቱም ቆመዋል። አቶ ፉፋ ጉልበታቸውን ለማሳረፍ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያጋድላሉ። ምርኩዛቸው ሲንቋቋ ሰብለወንጌል የራሷ ጉልበት የታመመ ያህል ተሰማት።

መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ጸሎት አድርሰው ነገሩን አቀረቡ። «ልጃችንን ልጅ አድርጉልን ብለን ነው የመጣነው» አሉ።

«አክብራችሁ መጥታችኋል፤ እናመሰግናለን» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ። «ዳሩ ግን ልጅቷ ራሷ ይቅር ብላለች።»

ምርኩዙ እንደገና ተንቋቋ።

«እንግዲህ ምን ይባላል» አሉ አቶ ፉፋ። «ግን እሜቴ፣ ልጁ ምን አጠፋ? አባቱ የለም፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ካላወቅሁ ምኑን እመክረዋለሁ?»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወግ የማያውቀውን ነገር አደረጉ። «ሰብለወንጌል!» ብለው ተጣሩ፣ ልክ ክፍል ውስጥ የተማሪ ስም እንደሚጠሩ። «ነይ ውጪና ያጠፋውን ለአጎቱ ንገሪ።»

ወጣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ያዩዋታል፤ አባቷ መሬት መሬት ያያሉ። እንዳታለቅስ ፈርታ በንዴት ጀመረች።

«አጠፋ እንጂ!» አለች። «ያላጠፋው ምን አለ? ትናንት ሥራ ቦታዬ መጥቶ ተራ ያዘ! እኔ ዘንድ ለመምጣት ተራ! ከዚያ ተራውንም ለሰው ሰጠ። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ተሳፋሪውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ ሰኔ ላይ ሲመጣ ረዳቱ ‹ሰላምታህን ስትጨርስ እንሄዳለን› ብሎታል። መንገድ ሲሻገር የቆመለትን መኪና ዞሮ ያመሰግናል፤ ሊገጩት ነው አንድ ቀን። ማኪያቶ አዝዤለት አረፋውን በማንኪያ አንሥቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው፣ ‹ቆሻሻ አለበት› ብሎ። ሜክሲኮ ሂድ ሲባል ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ይገኛል። ጠፋሁ ብሎ አይደውልም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ሲያጫውት ነው የማገኘው። ደብዳቤ ሲጽፍ ሁለት ገጽ አየር ነው፤ ናፍቆቱን መጨረሻ ላይ ጥግ ላይ ያደርገዋል፣ የሚያፍርበት ይመስል! እኔ ያቺን ጥግ ለማየት ወረቀቱን ገልብጬ ነው ማንበብ የምጀምረው። ሲስቅ ፊቱን ያዞራል፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳቁን በትክክል አይቼው አላውቅም። ትናንት ደግሞ ይቅርታ ሲለኝ...»

ድምፅዋ ተሰበረ። ቀጥል ብላ አዘዘችው፤ አልቀጠለም። ያኔ ያለችውን ሁሉ መልሳ ሰማችው። አንዱንም አልረሳችም። ቀኑን ሳይቀር ታውቀዋለች። ኢዶሳ የእሷን ስህተት አሥራ ስምንት ገጽ ላይ ጽፎ ሲሳቅባት የተናደደችው ሴት፣ የእሱን ስህተት ሁሉ በቃሏ ይዛ ኖራለች፤ አጎቱ ፊት፣ መሪጌታው ፊት፣ አንድም ሳታስቀር አነበነበችው። እሱ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ተናዳ የሰማችው ነገር ምን እንደነበር አሁን ከራሷ አፍ ስትሰማው ገባት።

አቶ ፉፋ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አይታወቅም።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ። ዞረው ባላቸውን አዩ፤ አቶ ሀብተሥላሴ ሸሚዛቸውን አንድ ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ እየተነጫነጩ ቁልፉን አስተካከሉላቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያስተካክሉ ኖረዋል።

«አሁን እኔ እንደገና ቀጨኔ ልደውል ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ቄራም ልደውል ነው። ምን ብዬ እንደምናገር!» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ! ሰውየው ጉልበታቸውን እያመማቸው እኮ ነው!»

ወንበር ተጎተተ። አቶ ፉፋ «እፎይ» ብለው ሲቀመጡ፣ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል በእግዚአብሔር ስም ምርቃት ሲጀምሩ፣ አባቷ በመሐረብ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰብለወንጌል ሁሉንም ሰማች። ወደ ጓዳ ተመለሰችና ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች። እንባዋ እየወረደ ነው፤ በሰው ፊት ልቧን በማውጣቷ ተናዳለች፤ ኢዶሳ ይህን ሁሉ ሳያይ በመቅረቱም ተናዳለች። ነገ ደግሞ ስለ ጉም ይጽፍላታል። ደግሞ የተሳሳተ ታክሲ ይገባል። ደግሞ «ስምሽን አልጻፍኩም» የሚመስል ነገር ብሎ ያቃጥላታል፤ እሷም ትጮህበታለች፤ ይህ እንደማይለወጥ ልቧ ያውቀዋል። ንዴቱ ገና ደረቷ ውስጥ ትኩስ ነው። ግን ይህን ንዴት ለሌላ ለማንም ሴት ትሰጥ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ አልሰጥም አለች።